የሁለቱ እውነት

በመንዝ፣ ከጓሳ ሣር ማጨጃው አጠገብ፣ በስምምነት ያረጁ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት ቀረቡ። ሚስት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የበለዘ ክንዷን አሳየች። «ሌሊት ይደበድበኛል» አለች። ባል ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «አባቶቼ፣ ሚካኤልን! እጄን አንስቼባት አላውቅም» ሲል ማለ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

አንዱ ሽማግሌ ካሳ ይክፈል አሉ፤ ሌላው ጸበል ይግባ አሉ። እስካሁን ዝም ያሉት አዛውንት ግን ወደ ሚስት ዞሩ። «ልጄ፣ ሲመታሽ ዓይኑ ክፍት ነው?»

«ኧረ ጭፍን አድርጎ ነው! ‹ያዘው! በጉን በላው!› እያለ ባናውን ይረግጠዋል። ስቀሰቅሰው ጅብ በረት ገብቶ ነበር ይለኛል።»

«ታዲያ ይኼ የእኛ ዳኝነት አይደለም» አሉ፤ መሐል ሜዳ ሐኪም ዘንድ ላኳቸው።

ሐኪሟም ባልየውን ትታ ሚስቱን ጠየቀች፤ ሕልሙን በእጅ በእግሩ ይሠራዋል ወይ? በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን የመሰለች አንዲት ጥያቄ ብቻዋን፣ እንዲህ ያለ የእንቅልፍ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹን እንደምትለይ አሳይቷል። ማረጋገጫው ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ ጥያቄዋ ግን ብር አታስወጣም፤ በየጤና ጣቢያው ብትጠየቅ ምን ነበረበት!

ሰው ሲያልም አንጎሉ ጡንቻውን አስሮ ያስተኛዋል። በአንዳንዱ፣ በተለይ ሃምሳ ዓመት ባለፈው ወንድ፣ ይህ እስር ይላላል። አሜሪካ ውስጥ የሚኒሶታ ሐኪሞች የሆኑት ሼንክና ማሆዋልድ በ1986 እ.ኤ.አ. በሽታ ብለው የመዘገቡት ይህንኑ ነው። መዘዙ ከቡጢው ይከፋል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት፣ መነሻው ያልታወቀ ይህ ሕመም ካለባቸው ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት በ12 ዓመት ውስጥ ወደ ፓርኪንሰን፣ ወደ መርሳት በሽታ ወይም ወደ መሰሎቻቸው እንደሚያመሩ ተገምቷል። ሐኪሟ ይህን አልደበቀችም። እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ሲያጥር ቶሎ እንዲመጣ፣ ጠመንጃውን ከራስጌው እንዲያርቅ፣ መኝታቸውንም ለጊዜው እንዲለዩ መከረች።

ባል ሲመለስ አንድ ሙክት እየሳበ አዛውንቱ ደጅ ደረሰ። «ተኝቼም ቢሆን የመታት የእኔ እጅ ነው፤ ልካሳት» አለ።

አዛውንቱ በጉን ዳበስ አደረጉት። «ሽጠው። ሐኪሞቹ ደብረ ብርሃን ቢልኩህ መሳፈሪያ ይሆንሃል። እሷንም ይዘሃት ሂድ፤ የሚጠይቁት እሷን ነው።»