ኮታና ዕቁብ

በደርግ ዘመን የጎጃም ገበሬ የሚያሟላው ግብ ከላይ ተቆርጦ ይመጣለት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለከተማው ሕዝብና ለሠራዊቱ የሚሆነውን እህል የሚሰበስበው በኮታ ነው። ቁጥሩ ከማዕከል ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያም ወደ አውራጃና ወደ ወረዳ ይወርድና ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ሲደርስ በየአባወራው ይደለደላል። ዋጋውም አስቀድሞ የተተመነ ነው፤ ከገበያው ያነሰ። ጎጃምና አርሲ ትርፍ አምራች ተብለው ስለተቆጠሩ ጫናው የበረታው በእነርሱ ላይ ነበር፤ የግል እህል ነጋዴው እንቅስቃሴም በእነዚህ ሁለት ክፍለ ሀገሮች ይበልጥ ጠብቆ ተከልክሏል።

እንግዲህ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ለም አገር የሚያርስ አንድ ገበሬ እናስብ። በቆሎውን በረዶ መታበት እንበል፤ ወይም ጤፉ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ተቋረጠ። ኮታው ግን ያው ነው። ያላሟላ ሰው ንብረቱ ሊወሰድበት፣ እርሱም ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ከብቱን ሸጠ፤ በዚያ ገንዘብ ከገበያ በውድ ዋጋ እህል ገዛ፤ ያንኑ እህል ለድርጅቱ በርካሽ አስረከበ። መዝገቡ ላይ ኮታው ሞላ። መዝገቡን ከሩቅ የሚያነብ ሹም መሬቱ የሰጠ መስሎት ለከርሞም ያንኑ ቁጥር ይጭናል፤ የገበሬው በረት ግን አንድ በሬ ጎድሎበታል።

ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ ነው። ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎችና እናቶች ዛሬም «ኮታ» የሚለውን ቃል በምሬት ያነሡታል። እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን ከዚያ ታሪክ «ቁጥር ቆርጦ መሥራት ለእኛ አይሆንም» የሚል ትምህርት የሚወስድ ሰው ተሳስቷል። በዚያው ዘመን፣ በእነዚያው ከተሞች፣ ነጋዴውም ሠራተኛውም ሌላ ቁጥር በየሳምንቱ ያለ ሹም ትእዛዝ ያሟላ ነበር፤ ዕቁቡን ይጥል ነበር። ደርግ ወረደ፣ ኮታውም ቀረ፤ ዕቁብ ግን እስከ ዛሬ አለ። አንዱ ግብ ሰውን ሲያደኸይ ሌላው ሱቅ ያስከፈተው ለምን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ሠላሳ ሰዎች በሳምንት 500 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እንውሰድ። ባለዕጣው 15,000 ብር ይወስዳል፤ ዕቁቡም በሠላሳ ሳምንት ይዞራል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የምናየው መጠኑን የቆረጠው ራሱ ጣዩ መሆኑን ነው። አቅሙን ያውቃል፤ 500 ብር የሚከብደው ሰው ከሌላ ጓደኛው ጋር ሆኖ ግማሽ ዕጣ ይገባል። ወደ ዕቁቡ ሲገባም ብሩ ለምን እንደሚውል ልቡ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ሊገዛ፣ ላም ሊያስገባ፣ ወይም ልጁን ባሕር ዳር ልኮ ሊያስተምር። ኮታ የሚያስረክበው ገበሬ ግን እህሉ የት እንደሚደርስ አያይም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ሁሉ ቁጥሩን ሞልቶ መገላገል ነበር።

ሁለተኛው ነገር የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ናቸው። ስም ይጠራል፤ የጣለ ይመዘገባል፤ ያልጣለም ይታወቃል። ይህ ግን የወረዳ ሹም ቁጥጥር አይደለም። ተመልካቹ ነገ በተራው የሚታይ ጎረቤት ነው። ሰው የታመመበት ወይም ልጁን የሚድር አባል ዕጣው እንዲሰጠው ይለምናል፤ የወጣለትም ብዙ ጊዜ ይለቅለታል። ኮታው ለበረዶ ያልሰጠውን ምሕረት ዕቁብ ለበሽታ ይሰጣል። ነገር ግን ዕዳው አይሰረዝም፤ የሚለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የዋሱ ጉዳይ ነው። ዕጣ በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ሊጠፋ ይችላል፤ የተመኘውን አግኝቷልና። ስለዚህ ዋስ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላም ሃያ ዘጠኝ ሳምንት ይጥላል። ዕቁብን የሠሩ ሰዎች የሰውን ጠባይ በደንብ አጥንተውታል። ሰው እየደከመ ሳለ ሳይሆን ካገኘ በኋላ እንደሚዘናጋ አውቀው መከላከያውን እዚያ ላይ አኖሩት። ብዙዎቻችን የራሳችንን ዕቅድ ስናወጣ ይህን ጨርሶ እንረሳዋለን፤ ሱቁ እስኪከፈት እንተጋለን፣ ከተከፈተ በኋላ ደብተር መያዝ እናቆማለን።

የሳምንት ክፍያ ኃይል በሌላ አገርም ታይቷል። በባንግላዴሽ መሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው፣ ኋላም ግራሚን ባንክ የሆነው ሥራ የአንድ ዓመቱን ብድር በሳምንታዊ ክፍያ ከፋፈለው፤ ተበዳሪ ሴቶችም በየሳምንቱ ተሰብስበው እርስ በርስ እየተያዩ ይከፍሉ ነበር። ዩኑስና ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ዕቁብተኛ ይህን ሲሰማ የሚገርመው አይመስለኝም።

ታዲያ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ይህን ትምህርት ለራሷ ሥራ እንዴት ታውለው? ቡሬና ጃቢ ጠህናን የሚባሉት የጎጃም ወረዳዎች በበርበሬ የታወቁ ናቸው። «ዘንድሮ ከበርበሬ 100,000 ብር አተርፋለሁ» ብትል፣ ዋጋውን እርሷ አትወስነውም፤ መንገድ የተዘጋበት ሳምንትም አለ። ይህን ብቻ የያዘች እንደሆነ በራሷ ላይ ኮታ ጣለች ማለት ነው። በእጇ ያለው ሌላ ነው፤ በዚህ ሳምንት አዲስ ሦስት ገበሬዎችን አነጋግሬ በርበሬያቸውን አያለሁ፤ እርጥቡን ከደረቁ ለይቼ አሰጣለሁ፤ የዱቤ ደብተሬን ይዤ ሁለት ባለዕዳዎችን እጠይቃለሁ፤ ለቤት የማወጣውን ከመነሻ ገንዘቤ ለይቼ አስቀምጣለሁ። እነዚህን ሠርታ ዋጋው ቢወድቅ እንኳ የጎደለው ከየት እንደሆነ ታውቃለች። ያላወቀ ሰው ዕድሉን ሲረግም ይኖራል።

ለቤትም እንዲሁ ነው። የልጆችን ደብተር ማየት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለእናት መደወል የሚሉት ከንግዱ ጎን በአንድ ገጽ ላይ ቢጻፉ መልካም ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ጊዜ ላይ የሚሻሙ ናቸውና ተለያይተው ሲጻፉ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ቤቱ ነው። ብዛታቸው ግን ይመጠን። ሦስት ወይም አራት ይበቃል።

ግቡ ሲመዘን ደግሞ እውነቱ ይጻፍ። የሳምንቱን ግብ ሳይሠሩ «ተሠርቷል» ብሎ ምልክት ማድረግ በሬ ሸጦ ኮታ መሙላት ነው፤ መዝገቡ ያምራል፣ ሰውዬው ይከስራል። ያልተሠራው ያልተሠራ ይባል፤ ከጎኑም ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ። አንድ ግብ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ካልተሠራ ወይ ከአቅም በላይ ነው፣ ወይ ባለቤቱ በእውነት አይፈልገውም። ያን ጊዜ መቀነስ ወይም መሰረዝ ነውር የለውም። ዕቁብተኛም የከበደው ሲሆን በሚቀጥለው ዙር ወደ ትንሹ ዕቁብ ይወርዳል።

በየቢሮው «ሳምንታዊ ዕቅድ» እየተባለ የሚሞላውን ቅጽ የምትመሩ ኃላፊዎችም ይህን ታሪክ እንድታስቡበት እለምናለሁ። ሠራተኛው ያልተማከረበትን ቁጥር ስታወርዱ ቁጥሩ ተሞልቶ ይመጣላችኋል፤ ከምን ተሸጦ እንደተሞላ ግን ሪፖርቱ አይነግራችሁም። ቁጥሩን ከማውረዳችሁ በፊት ሥራውን የሚሠራውን ሰው ጠይቁት፤ በረዶ ሲመታውም ስሙት።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከቡና በኋላ አንድ ደብተር አውጡና ለሰባቱ ቀን የምትሠሩትን ሦስት ነገር ጻፉ። ለምትተማመኑበት አንድ ሰው፣ ለወንድም ወይም ለባለቤት፣ አሳዩትና በሚቀጥለው እሑድ እንዲጠይቃችሁ ዋስ አድርጉት።