የዳንኤል መስኮትና የእኔ ዋሻ

በ2015 ዓ.ም. የካቲት፣ የቤተ ክርስቲያን ውዝግብ አገሩን ባወከበት ሰሞን፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ተዘግተው ሳለ፣ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተሬ ላይ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን፣ ግንኙነቴን በተመሰጠረ ዋሻ ወደ ሩቅ ሰርቨር የሚያሻግረውን ፕሮግራም፣ ስጭን፣ ተርሚናሉ ከእኔ በቀር ማንም ሊያየው የማይገባውን፣ መጨረሻው የእኩል ምልክት የሆነውን ባለ 44 ሆሄ ምሥጢራዊ ቁልፍ ባወጣልኝ ጊዜ፣ ሕሊናዬ ነቢዩ ዳንኤልን አነሣብኝ። እርሱ የዳርዮስን አዋጅ እያወቀ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ እኔ ግን ዋሻ እቆፍራለሁ። ይሁን እንጂ የሙሴን እናት፣ ሕፃኑን 3 ወር ብትሸሽግ፣ ሐሰተኛ ያላት ሊቅ አላውቅም። ለነገሩ ዋሻውም ፍጹም መሰወሪያ አይደለም፤ የኢንተርኔት መስመሩ ባለቤት የማነበውን ባያይ እንኳ ከሩቅ ሰርቨር ጋር መገናኘቴን ያያል፣ የሰርቨሩ ባለቤት ደግሞ በእርሱ ፈንታ የምሄድበትን ያውቃል፤ ከሥልጣን ዓይን አመለጥሁ ስል አደራዬን መልኩን ለማላውቀው ባዕድ አስረከብሁ። ቁልፉን ግን አልሰረዝሁትም።