ቅጣቱ ከማን ኪስ ይውጣ?

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ጀመዓ የተጻፈ የጁምዓ ኹጥባ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውን እንለምናለን፤ ከነፍሳችን ክፋትም በእርሱ እንጠበቃለን። ከእርሱ በቀር በሐቅ የሚመለክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን።

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ። ዛሬ ሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ አማና እናገራለሁ። እርሱም ሰዎች ለክፉ ቀን ብለው ያዋጡት፣ በመድን ድርጅቶችና በሹሞቻቸው እጅ ያለው ገንዘብ ነው።

ከደብረ ታቦር ተነስቶ በክምር ድንጋይ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም ጨጨሆን አልፎ ወደ ጋሸና የሚሄደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ገደሉንም፣ የክረምቱን ጉምም ታውቁታላችሁ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሚኒባስና አይሱዙ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬ «መኪና የለኝም፣ ኢንሹራንስ ምኔ ነው?» ሊል ይችላል። ወንድሜ፣ ያ መድን በሕግ የታዘዘው ለአንተና በመንገድ ዳር ለምትሄድ ልጅህ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ፣ በመኪና ለሞተ ሰው ቤተሰብ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር እንዲከፈል ደነገገ። የተጎዳ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲደርስ ቅድመ ሁኔታ ሳይጠየቅ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝም አዘዘ። ገጭቶ ለሚያመልጥና መድን ለሌለው መኪና ሰለባ እንኳ የመድን ፈንድ ተቋቋመ። ይህን የማያውቅ ስንት ቤተሰብ ይኖራል! የአባቱን ደም ዋጋ ሳይጠይቅ የቀረ ስንት የቲም ይኖራል!

የሚያውቀውስ? የሟች ሚስት ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነስታ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድራ ከተማ ትደርሳለች። «የፖሊስ ማስረጃው ማኅተሙ አይታይም» ትባላለች። ትመለሳለች። ደግማ ስትመጣ «ፋይሉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» ትባላለች። በአገራችን ሕግ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ሊታገድ ይችላል። እንግዲህ ቀኑ እስኪያልፍ እያወቀ «ነገ ነይ» የሚላት ሠራተኛ ምን እያደረገ ነው? ማንም ሲሰርቅ አላየውም፤ መዝገቡም ንጹሕ ነው። አላህ ዘንድ ግን የየቲም ገንዘብ በልቷል። ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው የሚያስገቡት እሳት መሆኑን ነግሮናል። ሲሰፈርላቸው ሙሉ የሚፈልጉ፣ ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎችን በማስጠንቀቅ የሚጀምር ሱራም ወርዷል። የዓመቱን አረቦን ሳንቲም ሳይጎድል ተቀብሎ ካሣውን የሚሸራርፍ ድርጅት በዚያው ቁና ይለካል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩን እዚያው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ነገሩት። ገበያን መቆጣጠር፣ የተሸፈነውን ገልጦ ማየት ሱና ነው። በአገራችን በመድን ድርጅቶች ላይ ይህን እንዲያደርግ የተሾመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 746/2004 ያለ ፈቃድ የመድን ሥራ መሥራት ወንጀል ነው። ድርጅቱ ከተከፈለ ካፒታሉ 15 በመቶውን በብሔራዊ ባንክ በዋስትና ያስቀምጣል። የቦርድ አባልና ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚሆን ሰው ለቦታው መብቃቱ ይመዘናል። ካጠፋ ባንኩ ሊያነሳው ይችላል፤ የድርጅቱንም ፈቃድ ሊያግድና ሊሰርዝ ይችላል። አሳሳች መረጃ የሚሰጥ ሰው ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ የዛሬው ኹጥባ ዋና ነገር ይህ ነውና። አንድ ድርጅት አጥፍቶ በገንዘብ ሲቀጣ ገንዘቡ ከየት ይወጣል? ካዝናው ውስጥ ያለው የባለ አክሲዮኖች ብቻ አይደለም፤ ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ባለ ባጃጁ የከፈለው አረቦን አለበት። ያጠፋው ሹም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቅጣቱ ከዚያ ካዝና ከተከፈለ ተበዳዩ ሁለት ጊዜ ተበደለ። መጀመሪያ ካሣውን ተነፈገ፤ ቀጥሎ የበዳዩን ቅጣት ከፈለለት። ስለዚህ ቅጣት ወደ ሰውየው መድረስ አለበት። ወደ ፈራሚው፣ እያወቀ ዝም ወዳለው የቦርድ አባል፣ ሐሰተኛ ሪፖርት ወደላከው ሥራ አስኪያጅ። ሕጋችን ይህን በር ከፍቶታል። በሩን መጠቀም የተቆጣጣሪው አማና ነው፤ እርሱም ስለ ዝምታው በቂያማ ቀን ይጠየቃል።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዘካ ሊሰበስብ የተላከ ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ነበር። ሲመለስ ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ አንዱ የእናንተ ነው፣ ይሄኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በእናቱና በአባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን ብለው ጠየቁ። ጉዳቱን አሳንሶ እንዲገምት፣ ወይም አሳብጦ እንዲጽፍ ጉርሻ የሚቀበል የካሣ ገማች ይህን ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ። ዑመርም (ረ.ዐ) ሹም ሲሾሙ ሀብቱን ይመዘግቡ ነበር፤ ያለ ምክንያት በዝቶ ሲያገኙትም ከፍለው ወደ ሙስሊሞች ግምጃ ቤት ይመልሱ ነበር።

ባለ ክብር ሴት ሰርቃ ሰዎች ሶሐባውን ኡሳማን አማላጅ አድርገው በላኩ ጊዜም ነቢዩ ተቆጡ። የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት ትልቁ ሲሰርቅ እየተዉ ደካማውን ስለሚቀጡ መሆኑን ተናገሩ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብታደርገውም ፍርዱ እንደማይለወጥ አስታወቁ። ተራው ወኪል ፈቃዱን ተነጥቆ፣ ያዘዘው አለቃ ወደ ሌላ ድርጅት ከፍ ብሎ የሚዛወር ከሆነ ያው ጥፋት እኛም ዘንድ አለ።

«መድን ራሱ ሐላል ነው ወይ?» የምትሉ አላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የንግድ መድንን ከልክሎ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። የአሽዓሪ ጎሳ ሰዎች ስንቃቸው ሲያልቅ ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ አፍስሰው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ነቢዩም ወደዷቸው። የእኛም የመረዳጃ ማኅበር፣ ቅሬ፣ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ ለተካፉል፣ ማለትም በመረዳዳት ላይ ለቆመው መድን፣ መመሪያ አውጥቷል። ነገር ግን ተካፉል የሚለው ስም ሌባ አይከለክልም። በሸሪዓ ስም ገንዘብ የያዘ ሹም ቢከዳ ሰውን ከዲን ያሸሻልና ጥፋቱ የከፋ ነው።

(ኸጢቡ ጥቂት ይቀመጣል፤ ከዚያም ይነሳል።)

ምስጋና ለአላህ፣ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ላይ ይሁን።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ሹሞችን ብቻ ከስሰን ብንወጣ ሐቅ አልተናገርንም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የዞናችን ፎገራ ነበረች። ዛሬ በየቀበሌያችን ገበሬው እህሉን ሸጦ መዋጮውን ይከፍላል። መዋጮውን ሰብስቦ ለወረዳው ሳያስገባ ለራሱ የሚያውል ሰብሳቢ ካለ፣ ያ ገንዘብ ምጥ የያዛት ሴት መድኃኒት መሆኑን ይወቅ። የጎረቤቱን የመድን ደብተር ተውሶ የሚታከምም፣ ለድሃ የተመደበውን ቦታ በዝምድና የሚወስድ ባለ በሬም ያው የጋራ ካዝና ነው የሚያጎድለው። መኪናው ሳይጋጭ ተጋጨ ለሚል በሐሰት የሚመሰክር ሰው ደግሞ የሐሰት ምስክርነት ከትላልቆቹ ወንጀሎች እንደሆነ ያስታውስ።

የመስጊዱ ሽማግሌዎች ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በጀመዓችን በመኪና አደጋ ሰው የሞተበት ወይም የተጎዳበት ቤት ካለ፣ ከሰላት በኋላ ስሙን ያዙ። ማንበብ የሚችል ወጣት መድቡለት። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃው፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ የመኪናው ታርጋና የመድን ድርጅቱ ስም በአንድ ፋይል ይሁን። ማመልከቻው ሲገባ ቀን የተጻፈበት ቅጂ ይያዝ። መልስ ከዘገየ በጽሑፍ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ይባል፤ 2 ዓመቱ ሳያልፍም ፍርድ ቤት ይኬድ።

አላህ ሆይ! የየቲሞቻችንን ሐቅ አስመልስልን። አማና የያዙትን አጽናቸው፤ የከዱትን ሳይሞቱ ወደ ተውባ መልሳቸው፤ የበሉትንም እንዲመልሱ አድርጋቸው። ተቆጣጣሪዎቻችንን ከፍርሃትና ከጉቦ ጠብቅ። በመንገዳችን ያለቁትን ማር፤ የተጎዱትን ፈውስ። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ኢቃማ ይባል።