ቡቺ ለምን ያጉረመርማል?

ቡቺ አጥንት ይዞ የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ተጠጋችው። አንገቱን ደፍቶ ድርቅ አለ፤ ከዚያ አጉረመረመ። አባቴ ዱላ አነሳ። «እኛው አብልተነው በኛው ላይ?» መሀል ገባሁና አልተመታም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ፦ የሰጠነውን በፈለግን ሰዓት የመንጠቅ መብት አለን?

በኛ ቤት መልሱ ግልጽ ነበር፤ አጥንቱም ውሻውም የኛ ነው፣ ያጉረመረመ ይቀጣል። ችግሩ፣ ዱላ ማጉረምረሙን እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋም። ማስጠንቀቁ ዱላ ያመጣበት ውሻ ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። ኮድ ስለምጽፍ ይሄን ስህተት አውቀዋለሁ። የኤረር መልእክቱን ደብቀህ «ሰራ!» ትላለህ፤ ሲስተሙ ሌሊት ይወድቃል።

ትክክለኛው ስልጠና ተቃራኒው ነው። ቡቺ ሲበላ፣ ሰውነቱ ከማይደርቅበት ርቀት ላይ ሆኜ ከያዘው የሚጥም ቁራጭ ሥጋ እወረውርለትና ዞሬ እሄዳለሁ። ቀስ በቀስ እቀርባለሁ፤ ከደረቀ ቸኩያለሁ ማለት ነው፣ ርቀቱን እጨምራለሁ። ኳሱንም በሥጋ እለውጠውና መልሼ እሰጠዋለሁ። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሾች ምግብ ሊመጣ ነው የሚል ምልክት ብቻ አይተው ምራቃቸው እንደሚመጣ አስተውሏል። የኔም ዓላማ የሰው መቅረብ የማጣት ሳይሆን የማግኘት ምልክት እንዲሆን ነው።

አባቴ ሳቀ። «ጉቦ ነው በለው!»

አሰብኩበት። ጉቦ የሚሰጠው የማይገባ ነገር ለማስደረግ ነው። እኔ ግን ቡቺ ምንም ሳያደርግልኝ ነው የምሰጠው። የምፈልገው እንዲያምነኝ ነው፤ እምነት ደግሞ እኔንም ያስራል። አንድ ቀን ስብሰባ ረፍዶብኝ ኳሱን ወሰድኩና ሳልመልስለት ወጣሁ። በማግስቱ ገና ስቀርብ ድርቅ አለ። የሁለት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገባ። ባለጌው ማን ነበር ታዲያ?

ልጅቷ አሁንም ቡቺ ሲበላ አትቀርብም፤ በሩን እንዘጋለን። ስልጠና ጥንቃቄን አይተካም፣ እሱም በሰላም መብላት አለበት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ታማኝነቱን እናደንቃለን። እኛ ግን ላበላነው ታማኝ ነን ወይ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ለእኔ መልሱ ያለው በዚያች ኳስ ላይ ነው፤ ከወሰድኩ፣ እመልሳለሁ።