ዱካና ሌባ

ሌባ ሻይ የሚባለውን ነገር ከአያቶቻችን ሰምተናል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ባለቤቱን ማን ይጠይቀዋል? ልጁ ወደቀ፣ አለቀ። ይህን እያነሣን ስንስቅ የኖርን ተማሪዎች ነን። ዘንድሮ ልጁ እኛው ደጃፍ ላይ ወደቀ፤ ስሙም ኮምፒዩተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ የሽንዲ ልጆች ናቸው፣ የወንበርማ ሰዎች። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የጻፉት ወረቀት በማሽን ሲታይ አንድ ገጽ ያህሉ ገጠመና ሁለቱም ዜሮ አገኙ። ቢጠየቁ መልሱ ቀላል ነበር፦ ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ መምህራቸው ያስጻፏቸውን ኖት ሁለቱም ሸምድደውታል። ያኔ ያስጨበጨበላቸው ሽምደዳ አሁን አስከሰሳቸው።

ማሽኑን መሳደብ አንፈልግም፤ አሠራሩ ብልህ ነው። ክፍተቱንና ነጥቡን ያወጣል፤ ጽሑፉን ጥቂት ጥቂት ፊደል እያነባበረ ይቆራርጣል፤ ቁራጩን ሁሉ ወደ ቁጥር ይለውጥና ከቁጥሮቹ ጥቂቱን መርጦ ያስቀምጣል። የጽሑፉ የጣት አሻራ ይህ ነው። ሻ 256 የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ሙሉውን ጽሑፍ ወደ 64 ምልክት ያጥፈዋል፤ አንዲት ፊደል ብትነካ ምልክቱ ሁሉ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ጉድ አለበት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ለእኛ አንዲት ፀሐይ ናት፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ቃል ነው። የምናውቀው አንድ ልጅ የሰው ወረቀት ወስዶ ሰን በሠ፣ ሀን በሐ እየቀየረ አስረከበና በሰላም አለፈ! ሞክሼ ፊደላቱን አስቀድሞ አንድ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚያስብበት ሰው ቢገኝ።

ለመሆኑ መግጠም ስርቆት ነው? በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል። የሰው ቅኔ ይዞ ከቀረበ ውርደት ነው፤ የየኔታ ጆሮ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቢጠረጥሩም ሰሙንና ወርቁን ፍታው ይሉታል፤ ያልቆጠረው እዚያ ላይ ይንተባተባል። በዚያው ደብር ዳዊት የሚገለብጠው ጸሐፊ ግን አንዲት ፊደል ባለመሳቱ ይመሰገናል። ሁለቱም ዘንድ አሻራው ይገጥማል። ልዩነቱ «የኔ ነው» ማለትና አለማለት ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ቁጥር አያሳይም። በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሞስ የተባለው የታወቀ ፕሮግራም እንኳ የገጠመውን ያመለክታል እንጂ አይፈርድም፤ የተመለከተውን ሰው ሄዶ ማየት እንዳለበት ሠሪዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ወንድሞቻችንንም ንጹሕ አናደርጋቸውም። ኖቱ የመምህራቸው መሆኑን በአንዲት መስመር መጻፍ ምን ያግዳቸው ነበር? በዚህ ነገር እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጭቀናል። አንደኛው «መምህራችንስ ከየት ገለበጡት?» ብሎ አስቆን ነበር፤ ኋላ ግን ዝም አልን።

ያ ደብተር ከሽንዲ በቡሬ መኪና ተልኮ ደርሷል። ዳሩ በበርበሬ ተነክቷል። ገጹን አውጥተን ከወረቀቶቹ ጋር አስተያየነው፤ ቃል በቃል ነው። መልእክት ሰደን ሁለት ሳምንት ሆነን፤ አምጡና እንየው ያለን እስካሁን የለም።