ሰባቱን ዓመት ሰባት ቀን አናድርገው



ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮው» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ተመልክተው፣ «የዓለም ፍጻሜ እንዲህ ይሆንን?» ብለው ቢጠይቁን፣ ሳያዩ መመለስ የማይገባ ስለ ሆነ አብረናቸው ተቀምጠን አየነው።

ፊልሙ በሮላንድ ኤመሪክ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። በውስጡም የአትላንቲክ ውቅያኖስ የሙቅ ውሃ ጉዞ ይቋረጣል፤ ኒውዮርክ በማዕበል ትጥለቀለቃለች፤ ከላይኛው ሰማይ የሚወርድ ብርድ ሰውን በቆመበት ያደርቀዋል፤ በጥቂት ቀናትም የዓለም ሰሜናዊ ክፍል በበረዶ ይሸፈናል። ባየን ጊዜ ደነገጥን፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለእሑድ ስብከት የሚሆን ምሳሌ አገኘን ብለንም ነበር። ነገር ግን እውነት መሆኑን ሳንመረምር በዐውደ ምሕረት እንዳንናገረው ኅሊናችን ገሠጸን።

ስለዚህ የተፈጥሮ ሊቃውንት የሚሉትን መረመርን። የነገሩ ሥር እውነት ነው። ሙቅና ጨዋማ ውሃ ወደ ሰሜን ሄዶ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ወደ ጥልቁም ሰጥሞ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የግሪንላንድ በረዶ ቀልጦ ጨው የሌለው ውሃ ሲቀላቀልበት ግን ይቀላል፤ ጉዞውም ይደክማል።

ጊዜው ግን ሐሰት ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ በዓመታት ይለካል እንጂ በቀናት አይፈጸምም። በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው የአየር ንብረት ሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ይህ ጉዞ በዚህ መቶ ዓመት መድከሙ እጅግ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ከ2100 በፊት በድንገት መቋረጡ ግን፣ ፍጹም እርግጠኝነት ባይኖርም፣ የማይጠበቅ መሆኑን ገልጿል። የሚያደርቀውም ብርድ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ነው፤ ደረቅ አየር ሲወርድ ስለሚታመቅ በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃልና።

«እንግዲያስ ተረት ከሆነ እንረፍ» የሚል ቢኖር ግን እርሱም ስቷል። ያው ጉባኤ የባሕር ከፍታ ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል መጨመሩን መስክሯል። ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር አያስደነግጥም፤ ስለማያስደነግጥም ያዘናጋል።

ዮሴፍን እናስብ። በፈርዖን ፊት የረሃቡን ዘመን ሲናገር ሰባቱን ዓመት ሰባት ቀን አላደረገውም። ቢያደርገው ኖሮ ሕዝቡ ይሸሽ ነበር እንጂ ጎተራ ባልሠራ፤ ስምንተኛው ቀን በደኅና ሲነጋም መልእክቱን በናቀ ነበር። ልኩን ስለ ተናገረ ግን እህል ተከማቸ፤ ግብፅም የያዕቆብም ቤት ከረሃብ ዳኑ።

እኛም ካህናት ከዚህ እንማር። በሐሰት ያስፈራነው ሰው ፍርሃቱ ሲያልፍለት ንስሓውም አብሮ ያልፋል። የፍጻሜውን ቀን ማወቅ ለእኛ አልተሰጠንም፤ የተሰጠን ምድርን ማበጀትና መጠበቅ ነው። ለወጣቶቹም የመለስንላቸው ይህንኑ ነው፦ «ልጆቻችን፣ ቀኑን አትቁጠሩ፤ ጎተራውን ሥሩ።»

ልኩን የምንናገርበት አንደበት፣ ሳንዘናጋ የምንሠራበት ልቡና እግዚአብሔር ያድለን። አሜን።