የመንገድ መሪ ዋጋ የምን ዋጋ ነው?



ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ ባለው የመንዝ ደጋ መንገድ ማሳየት ከእንግዳ ተቀባይነት የሚቆጠር እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ሲቆም ማደሪያና እራት ያገኛል፤ በማግሥቱም ከቤተ ሰቡ አንዱ እስከ አፋፉ ሸኝቶ አቅጣጫውን ያመለክተዋል። የጓሳን ምድር ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ግን ከአገሬው መንገድ መሪ ይቀጥራል፤ ዋጋውንም በቀን ቆጥሮ ይከፍላል። በዚህ ላይ ሁለት ቅሬታዎች ይነሣሉ። ከአገሬው ወገን «እንግዳን ስለ መምራት ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለምን?» የሚል አለ። ከጎብኚው ወገን ደግሞ «ሜዳው ተዘርግቶ እየታየ ስለ ምን እከፍላለሁ?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም መልስ የሚያገኙት ዋጋው የምን ዋጋ እንደ ሆነ ስንረዳ ነው።

በመጀመሪያ የሥራ ዋጋ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳም ምድር ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድ ገደል ያበቃል። ጉም ሲለብስ ጅብራውም ሣሩም አንድ መልክ ይይዛል፤ አፋፉ የት እንዳለ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው። ጭላዳዎች ሲግጡ እንግዳው የሚያየው ጭላዳ ብቻ ነው፤ የለመደ ዐይን ግን በመካከላቸው አይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ይፈልጋል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን የበለጠ እንደሚቀናው ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ሙሴም ቢሆን ደመናው እየመራው ሳለ፣ ምድረ በዳውን የሚያውቀው ምድያማዊው ኦባብ ዐይን እንዲሆናቸው ለምኖታል፤ ከሚያገኙት መልካም ነገር እንደሚያካፍሉትም ቃል ገብቶለታል።

ጦቢት ለልጁ ለጦብያ መሪ የቀጠረበት ሁኔታ ደግሞ ለጎብኚ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ጉዞው ሳይጀመር ዋጋውን በግልጽ ተናገረ፤ በቀን አንድ ድራክማ፣ ስንቁም ከልጁ ጋር እኩል፣ በሰላም ሲመለሱም ጭማሪ። የሠርጉ በዓል እንዳለቀ ያሳሰበው የመሪው ደመወዝ ነበር። መሪው መልአኩ ሩፋኤል መሆኑን ገና አላወቀም፤ ያከበረው እንደ ማንኛውም ቅጥረኛ የቆጠረውን ሰው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው ተስማምቶ ቢቀበለው እንኳ ለኑሮው የማይበቃ ደመወዝ ፍትሓዊ እንዳልሆነ አስተምረዋል። እንግዲህ የቸገረው ወጣት «ከምንም ይሻላል» ብሎ የሚገባውን ግማሽ ቢቀበል፣ ጎብኚው «ተስማምቷል» በማለት ኅሊናውን ሊያሳርፍ አይችልም።

ይሁን እንጂ በጓሳ ከዕለቱ ድካም በላይ የሆነ ነገር አለ። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ በሚነገረው የቀሮ ሥርዓት፣ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ እየመረጡ ምድሩን ይጠብቁ ነበር። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ግጦሽም አጨዳም ተከልክሎ ይቆይና፣ በተወሰነ ጊዜ ለሁሉም ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላም ሕዝቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። ዛሬ ሣሩና አውሬው የሚታዩት ከብቱ እየተራበ እጁን የሰበሰበ ትውልድ ስለ ነበረ ነው። ለዚህ በቀን አበል የሚተመን ዋጋ የለም፤ ከጎብኚው የሚጠበቀው ምስጋናና ጥንቃቄ ነው።

መሪውም ከዚህ የሚገደድበት አለ። የሚሸጠው ጉልበቱንና እውቀቱን እንጂ ጓሳን አይደለም። ጎብኚው ጉርሻ ጨምሮ «ቡችሎቹ ወዳሉበት ጉድጓድ አስጠጋኝ» ቢለው፣ የብዙዎችን አደራ ስለ ያዘ እምቢ ማለት ይገባዋል። ፈተናው ግን በችግር ጊዜ ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የጎብኚ እግር ቀንሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሩቅ አገር «መንገዱ ሰላም ነውን?» ተብሎ የሚጠየቅ መሪ፣ ልጆቹ የሚበሉት በመልሱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እውነቱን መናገር አለበት። የእንግዳው ሕይወት በአንድ ቃል በእጁ ወድቋልና። እውነት ተናግሮ የዕለት እንጀራውን ያጣውን መሪ መደገፍ ደግሞ የማኅበሩ፣ ደግሞም ቀድሞ መጥቶ ያወቀው ጎብኚ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው አይዘኑ፤ ተቀጥሮ የሚመራ ልጅ ደመወዙን ቢቀበል የአባቶቹን ደግነት አልሸጠም። ጉም ያሳሳተውን መንገደኛ ግን ዛሬም ያለ ዋጋ ወደ ቤቱ ያስገባው። ጎብኚውም የተስማማበትን ሳያጓድል በዕለቱ ይክፈል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በዚህ ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶች ስታስተምሩ፣ የሚገባቸውን ዋጋ ያለ ኀፍረት መጠየቅንና ዋጋ ቢያስቀርባቸውም እውነት መናገርን አብራችሁ አስተምሯቸው።